በበሬ ቆዳ የተጠቀለለው ደወል

ደወሉ በበሬ ቆዳ የተጠቀለለው በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የጠቀለሉት ኮርቻ ሰፊዎች ናቸው። ያዘዘው ሸንጎው ነው። ለሸንጎው የመሰከረው ደግሞ አዳማጭ ደምለው ነው። ከዚህ ውስጥ የሚካድ ነገር የለም።

ይህ የሆነበት አገር ከአንድ ትልቅ ከተማ ዳርቻ፣ ከተማው ሲሰፋ በሚደርስበት በኩል ይገኛል። ስሙን መጥራት ለነገሩ የሚጨምርለት የለም። ሰዉ ከከተማው እየለቀቀ ይገባበታል። ንጹሕ አየር ሽቶ የሚመጣ አለ፣ ጓሮ ያለው ቤት ሽቶ የሚመጣ አለ፤ አብዛኛው ግን የሚመጣው ለትምህርት ቤቱ ብሎ ነው። ቀድሞ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት መሬት ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መጥተው ቤት ሠሩ፤ ራሳቸውንም «ቀዳሚዎች» ብለው ሰየሙ። ከቀዳሚዎች በፊት የነበሩት ገበሬዎች ወዴት እንደ ሄዱ የጠየቀ የለም፤ ጠያቂ ቢገኝም መልስ የሚሰጥ ገበሬ በአካባቢው አልተረፈም ነበር።

ቀዳሚዎች ትምህርት ቤት ሠሩ፣ ደወል ሰቀሉ፣ ሕግ አወጡ። ሕጉ አጭር ነው፤ «ደወሉ ከደጃፉ የተሰማለት ልጅ ይማራል።»

ሕጉ ሲወጣ ክፋት አልነበረበትም። አገሩ ጸጥ ያለ፣ ቤቱም ጥቂት ስለ ነበር ደወሉ የማይሰማበት ደጃፍ አልነበረም። ክረምት በወጣ ቁጥር ግን አዲስ ቆርቆሮ ብልጭ ይል ጀመር። አምና ሽንብራ የነበረው ማሳ ዘንድሮ መንደር ሆኖ ይገኛል። ከወንዙ ማዶ የበቀለውን መንደር ቀዳሚዎች «ብቅ ሰፈር» አሉት፤ እንደ እንጉዳይ ብቅ አለብን ለማለት ነው። ነዋሪዎቹ ስሙን አልወደዱትም። ግን ምልክት የሌለው ደጃፍ በሸንጎ አይናገርምና ስሙ ጸና።

ምልክቱ እንዲህ ነው። መስከረም ሲጠባ አዳማጭ የሚባለው ሹም በየደጃፉ ይዞራል። ባርኔጣ አያደርግም፣ ሻሽም አይጠመጥም፤ ጆሮው ለሕግ የተገለጠ መሆን አለበት። ከፊቱ ዝም አሰኚዎች ይቀድማሉ። የእነዚህ ሥራ ከስማቸው አያልፍም፤ ለውሻ አጥንት ይወረውራሉ፣ አውራ ዶሮ በቅርጫት ይደፋሉ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሸንኮራ ያስይዛሉ፣ ሳል የያዘው አዛውንት ካለም ለጊዜው ወደ ማዶ ይሸኙታል። ከዚያ አዳማጩ ከደጃፉ ላይ ጀርባውን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ደወሉ ይደወላል። ከሰማ መቃኑን በቀይ አፈር ይቀባዋል፤ ያ ቤት ልጁን ይልካል፣ በሸንጎም አፍ ይኖረዋል። ካልሰማ «አልሰማሁም» ይልና ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ቀይ አፈሩን ክረምት ያጥበዋል፤ በዓመቱ እንደገና መደመጥ ግድ ነው።

ላልተሰማላቸው ልጆች የሚባለው «የራሳችሁ ደወል እስኪሠራ ጠብቁ» ነው። እውነት ነው፣ ለብቅ ሰፈር ትምህርት ቤት መሠረት ተጥሎ ነበር። ሹም በተሻረና በተሾመ ቁጥር አዲሱ ሹም መጥቶ የመሠረት ድንጋይ ያኖራል፣ ሕዝብም ያጨበጭባል። በዚህ የተነሣ በአገሩ ከዚያ መሠረት የበለጠ የጠነከረ መሠረት አልነበረም። ከላዩ ግን ግድግዳ አልቆመበትም።

ደምለው በአዳማጭነት የተሾመው ለጆሮው ነው። ስለ ጆሮው ብዙ ይወራል፤ እውነት ሆኖ የተረጋገጠው ግን ይህ ነው። አንድ የብቅ ሰፈር አባት የሚስቱን ወንድም ከጓሮ ደብቆ ደወል አስደወለ። ደምለው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ይህ የፍየል ቃጭል ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ፍየሏም ትፈልገዋለች» ብሎ ጨመረ። ሰውየው አፍሮ ገባ። ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አያውቅም፣ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ አያውቅም። ዓይኑ ግን ከዕድሜ ጋር ደክሞ ነበር፤ ከሩቅ የሚያየው ቀለምና ብዛት እንጂ መልክ አልነበረም። ለአዳማጭነት ዓይን ስለማያስፈልግ ይህን ማንም እንደ ጉድለት አልቆጠረውም።

የአዳማጭ ጆሮ እንዳያዳላ ሲባል ብዙ ነገር ተከልክሎለታል። ወደ ትምህርት ቤቱ አይገባም። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ካለው ሾላ አያልፍም። ስለ ትምህርት ቤቱ ማንንም አይጠይቅም፤ በቤቱም ስለ ትምህርት ቤት አይወራም። ሚስቱ ወይዘሮ አስናቁ ነገር ሲያምራት፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰውየው እኔ ቤት ኖሯል» ትለው ነበር።

ደምለው ጠዋት ጠዋት ከሾላው ሥር ይቆማል። ደወሉ በሰዓቱ መደወሉን ማረጋገጥ ከሥራው አንዱ ነው። ወላጅም ቢሆን ልጁን ከሾላው ድረስ ሸኝቶ ይመለሳል እንጂ፣ ትምህርት እንዳይረበሽ ከዚያ አያልፍም። እንግዲህ ደምለው ከሾላው ሥር ሆኖ ያየውን አየ፤ ሸንጎው በነሐሴ በተሰበሰበ ጊዜም ተጠየቀ።

ሸንጎውን የሚመራው ሊቀ ደወል አስፋቸው ነው። ልጆቹ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ስለ ልጆች ግን በአገሩ እሱን ያህል የሚናገር አልነበረም።

«ትምህርት ቤታችን ሞልቷል» አለ ሊቀ ደወል። «ከአፌ አይደለም የምናገረው። አዳማጭ ደምለው፣ ተነሥና ያየኸውን ንገራቸው።»

ደምለው ተነሣ። «እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው» አለ። «ልጅ ከአጥሩ ውጭ ፈሷል።»

«ከአጥሩ ውጭ?» አሉ አንዲት ባልቴት ደረታቸውን ይዘው።

«ከአጥሩ ውጭ፣ እማማ። ገሚሱም አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እንደ ወፍ?»

«እንደ ወፍ።»

ሸንጎው አጉረመረመ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ «እንግዲያው ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ለምን አንጨርስም?» ሲል ጠየቀ።

«መሠረቱ ተጥሏል እኮ!» አለ ሊቀ ደወል።

«መሠረት ላይ ልጅ አይቀመጥማ።»

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና ለታላቅ እንዲህ አይመልሱም ነበር። ተቀመጥ።» ጎልማሳው ተቀመጠ። ሊቀ ደወልም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ደወላችን አርጅቷል። ብርድ ይመታዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። የበሬ ቆዳ ብናለብሰውስ?»

«ቆዳ ከለበሰ ከወንዙ ማዶ ይሰማል?» አለ ጎልማሳው ከተቀመጠበት።

«እሱን ጆሮ ያውቃል።»

«ሕጉ ተጣሰ ማለት አይደለም?»

«ሕግማ እንዴት ተደርጎ! ሕጉ ደወሉ ከተሰማ አለ እንጂ ይጩህ አለ እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ እጅ ወጣ። የበሬው ቆዳ በዚያው ቀን ታዘዘ።

ከኋላ መቀመጫ ላይ መምህርት ውዴነሽ ነበረች። በዚያ አገር መምህር በሸንጎ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ማንም አልጠየቃትም። ሸንጎው ሲበተን ግን ሮጣ ከመንገድ ላይ ደምለውን ደረሰችበት።

«ጋሼ ደምለው፣ አንድ ጊዜ ገብተው ይዩ።»

«ወዴት ነው የምገባው?»

«ወደ ክፍሉ።»

«እንደማይፈቀድልኝ ታውቂያለሽ።»

«ክፍሉ ይቅር። ከሾላው አልፈው እስከ አጥሩ ብቻ ይምጡ።»

«ከሾላው ያለፈ አዳማጭ፣ አዳማጭ አይባልም።»

«እንግዲያው ይጠይቁኝ። ከጠየቁኝ መልስ አለኝ።»

ደምለው አልጠየቃትም። መጠየቅም ክልክል ነው። መምህርቷ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ፣ «እንዲህ ያለ ጆሮ ተሰጥቶዎት የሚነግርዎት ሰው ታጣ!» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ደምለው ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጠረባት። ደወሉ እስከ ተጠቀለለበት ማክሰኞ ጠዋትም አልረሳላትም ነበር።

መስከረም ጠባ። በዚያ ዓመት ደወሉ ሲደወል የሚወጣው ድምፅ ትራስ ሲመታ እንደሚሰማው ነበር። በቀዳሚዎች ሰፈር ይሰማል። ከወንዙ ማዶ ግን ደምለው ከደጃፍ ደጃፍ እየተሻገረ «አልሰማሁም» ሲል ዋለ። አምና ቀይ የነበረው መቃን ሁሉ ባዶውን ቀረ። ሰዉ አልተሳደበም። አንዳንዱ እንዲያውም ትንፋሹን እንደ ያዘ ቆየ፤ ትንፋሽ ቢለቅ ድምፁ የሚያመልጠው ይመስል።

ከወንዙ ዳር ካሉት የመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ የደምለው ልጅ የስመኝ ነው። አንድ ልጁ ናት። ቤዛ የምትባለው የስመኝ ልጅ በዚያ ዓመት ለትምህርት ደርሳለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር። ደምለው ያን ቤት ለመጨረሻ አቆይቶታል። ለምን እንዳቆየው የጠየቀው የለም።

ስመኝ ከደጃፏ ቆማ ጠበቀችው። ውሻዋን ራሷ አስራዋለች፣ ዶሮዎቿን ራሷ ከድናለች። ለዝም አሰኚዎቹ የተረፈ ሥራ አልነበረም።

«ደኅና ዋልክ፣ አባዬ?»

«ዛሬ አዳማጭ ነኝ፣ ስመኝ።»

«እሺ። ደኅና ዋልክ፣ አዳማጭ?»

ጀርባውን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከጎኑ ቤዛም እንደ እሱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንደ እሱ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ዝም አሰኚው ምልክት ሰጠ፤ ከማዶም ገመዱ ተሳበ። ደምለው ወንዙን ሰማ። የታሰረው ውሻ ሲያኝክ ሰማ። የልጅቱን ትንፋሽ ባልበቀሉት ጥርሶቿ መካከል ሲወጣ ሰማ። ሌላ አልሰማም።

«አባባ» አለች ቤዛ በሹክሹክታ፣ «እኔ ሰማሁ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ደወሉን።»

ዝም አሰኚው ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አደረገ። «የልጅ ጆሮ በሕግ አይቆጠርም» አለ።

የቀይ አፈሩ ቅል በደምለው እጅ ነበር። መቃኑ ከክንዱ አይርቅም። ምስክር ሆነው አብረውት የሚዞሩት ሁለቱም የቀዳሚዎች ሰዎች ናቸው፤ ኋላ እንደ ተናገሩት ቢቀባው ዝም ሊሉለት ተዘጋጅተው ነበር። አንደኛው እንዲያውም ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮለት ነበር።

«አልሰማሁም» አለ ደምለው።

ስመኝ አላለቀሰችም። «ይህን ቦታ የመረጥክልኝ አንተ ነህ» አለችው።

«ነኝ።»

«‹እዚህ ደወሉ ጥርት ብሎ ይሰማል› ብለኸኝ ነው የገዛነው።»

«ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።»

«አሁን ለምን እንደማይሰማ አታውቅም?»

«እሱን አልተጠየቅሁም።»

ስመኝ ልጇን ይዛ ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ከአባቷ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም። ደምለው በመንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታ ያቀርባል፣ እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። ወይዘሮ አስናቁ ግን ወንዙን እየተሻገረች ልጇን መጠየቋን አልተወችም። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ፣

«አንተ ሰው፣ ቤዛ እኮ ጠዋት ጠዋት...» ስትል ጀመረች።

«አስናቁ!»

«የልጅ ልጄን ነገር ነው የማወራው!»

«ከትምህርት ቤት ጋር የሚነካካ ነገር አለው?»

ወይዘሮ አስናቁ አሰበች። «አለው» አለች።

«እንግዲያው በዚህ ቤት አይወራም።»

«ካልክስ አይወራም» አለች። ነገሩ እንደ ተባለው ሆነ፤ አልተወራም።

በዚያ ዓመት ደምለው ከሾላው ሥር የሚያየው ነገር ግራ አጋባው። ብቅ ሰፈር ከተቆረጠ ትምህርት ቤቱ ሊቀለው ይገባ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው ልጅ ግን አምና ከነበረው በዛ። ከመካከላቸው አንዷ ቢጫ ነገር ትለብሳለች፤ ሁልጊዜ ከፊት ናት፣ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ነው የምትቆመው። ጭጋግ በሆነ ቀን ሌላው ሁሉ ሲጠፋበት የእሷ ቢጫ አይጠፋውም ነበር። ደምለው ደወሉ መደወሉን ካረጋገጠ በኋላም ጥቂት መቆየት ለመደ። ለምን እንደሚቆይ ለራሱም አልጠየቀም።

በነሐሴ ሸንጎው ሲሰበሰብ ያየውን ተናገረ።

«ቀለለ ወይስ በዛ?» አለ ሊቀ ደወል።

«በዛ። እንዲያውም አንዲት ቢጫ የምትለብስ አለች፤ አጥሩን ጨብጣ ነው የምትውለው። የምትገባበት ያጣች ትመስላለች።»

«አያችሁ?» አለ ሊቀ ደወል። «በአንድ ቆዳ ይህን ያህል ከሆነ ያለ ቆዳ እንዴት ልንሆን ነበር!»

ሁለተኛ ቆዳ ተጨመረ። መምህርት ውዴነሽ ያን ዕለትም ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ዕለትም አልተጠየቀችም።

በተከታዩ ዓመት ስመኝና ባሏ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ሌላ አገር ሄዱ። እዚያ ያለው ሕግ ምን እንደሆነ በውል አይታወቅም፤ ደወል ግን የላቸውም ይባላል። ዕቃው ሲጫን ደምለው ከወንዙ ወዲህ ሆኖ አየ። ብዙ የብቅ ሰፈር ሰውም ተከተላቸው። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ልጆች ሳሱ። ቢጫዋም ከፊት ጠፋች። ደምለው ይህን ለሸንጎው ሲያስረዳ ሊቀ ደወል እጁን አጋጭቶ፣ «በቆዳው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማንም ያላሰበው ነው። ቀዳሚዎች አርጅተው ነበር፤ ልጆቻቸውም ወደ ትልቁ ከተማ ወይም ወደ ሌላ ዳርቻ ሄደዋል። መቃናቸው በየዓመቱ ቀይ ይቀባል፣ ከደጃፉ የሚወጣ ልጅ ግን የለም። አንድ መስከረም ደወሉ ተደወለ፤ የመጡት ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚያልቁ ነበሩ። ሸንጎው ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ወሰነ። ሊቀ ደወል አስፋቸው በዘመኑ ስለ ልጆች ስለ ደከመ ካባ ተሸለመ።

ወንበሮቹ በሚወጡበት ቀን ደምለው ሾላውን አልፎ ሄደ። ትምህርት ቤት ያልሆነ ቤት ለአዳማጭም አይከለከልም። ኮርቻ ሰፊዎቹ ከደወሉ ላይ ቆዳውን እየቀደዱ ነበር። ሲገባ መምህርት ውዴነሽ ሰሌዳውን ትጠርግ ነበር። የሰሌዳው አቀማመጥ ገረመው። ፊቱን ለወንበሮቹ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነበር ያዞረው።

ወንበሮቹን ተዘዋውሮ አያቸው። ከፊት ያሉት ረድፎች በልጅ ክርን ተፍቀው ያብረቀርቃሉ። ከኋላ ያሉት ግን አናጢው እንደ ተዋቸው ናቸው። አንዱን በጣቱ ዳሰሰው፤ እንጨቱ ገና ሻካራ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ።

መምህርቷ ጨርቁን አስቀመጠች። «ይጠይቁኝ።»

«እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም?»

«እኔ ከመጣሁ ወዲህ የለም።»

«ሞልቶ የተረፉት ልጆችስ? ከአጥሩ ውጭ የነበሩት?»

«ሞልቶ የተረፉ አልነበሩም፣ ጋሼ ደምለው። ያልተሰማላቸው ናቸው። የብቅ ሰፈር ልጆች። ቤት ሆነን ከምንጠብቅ ብለው ጠዋት ጠዋት እየመጡ አጥሩ ላይ ይቆሙ ነበር። እኔም መስኮቱን ከፍቼ፣ ሰሌዳውን አዙሬላቸው ጮክ ብዬ ማስተማር ያዝኩ። እርስዎ ባልሰሙ ቁጥር እዚያ ላይ ይበዛሉ።»

ደምለው በመስኮቱ ወደ አጥሩ አየ። በመስኮቱና በአጥሩ መካከል ያለው ሣር ለምለም ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን መሬቱ ተረግጦ እንደ አውድማ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ሾላው ይታያል። ከዚህ ሲያዩት ቅርብ ነበር።

ውጭ ቆዳው ተቀዶ አልቆ ኖሮ አንዱ ኮርቻ ሰፊ ደወሉን ለሙከራ መታው። ድምፁ ግቢውን ሞልቶ ወጣ፤ ሾላውን አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ደምለው እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠው።

«ከፊት የምትቆመዋ» አለ፣ «ቢጫ የምትለብሰዋ የማን ልጅ ነበረች?»

መምህርት ውዴነሽ አየችው። የሚያውቅ መስሏት ኖሯል።

«ቤዛ ናት» አለችው። «ጠዋት ብርዱ ሲከፋባት እናቷ ናት ያን ሹራብ የሠራችላት። ማንበብ የለመደችው እዚያ አጥር ላይ ቆማ ነው።»